የይስሐቅ ድርሻ

በሚዛን ተፈሪ ዝናብ የሚያቆመው ትንፋሽ ለመውሰድ ብቻ ነው። የታፈሰ ምላስም እንደዚያው ነበር። ያዩ እንደሚመሰክሩት፣ ታፈሰ ወሬ ሲጀምር የጎረቤት ውሻ መጮኹን ትቶ ጆሮውን ያቆማል፤ ጉሬዛ እንኳ ከዛፉ ጫፍ ሁለት ቅርንጫፍ ወርዶ ይቀርባል። ሥራዋን የማታቋርጠው ሚስቱ ሣራ ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ ከሸኮ ሲመለስ የንብ መንጋ አሳድዶት፣ ሲሮጥ ሲሮጥ ንቦቹ ደክሟቸው መንገድ ላይ ሲቀመጡ፣ አዝኖላቸው በጋቢው ጠቅልሎ ተሸክሞ ወደ ዛፋቸው እንደመለሳቸው ሲያወራ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሣራ ጎደሬ እየላጠች፣

"ከማሩስ ለልጆችህ ምን አመጣህ?" አለችው።

ሰው በዚህኛው ይበልጥ ሳቀ።

ሌላው ውሸታም በሬ ወለደ ይላል። ታፈሰ ግን ራሱ ወለደ። የወለደውም በ1972 ዓ.ም.፣ በጠራራ ቀን፣ በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ኮሚቴው ቁጭ ብሎ እያየው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባላባቱ የጫካ ቡና ለገበሬው በነፍስ ወከፍ ሊደለደል ሆነና ከአማን ከተማ በላይ ያለው ቀበሌ ሁሉ ተሰለፈ። በወንዙ ዳር ያለው ቡና እንደ ሌላው አልነበረም። ጥላው ልክ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ፍሬው ቅርንጫፍ የሚሰብር። እሱ የሚደርሰው ስድስት ነፍስና ከዚያ በላይ ላለው ቤት ነው ተባለ። የታፈሰ ቤት ደግሞ እሱ፣ ሣራና ሦስት ሴት ልጆች፣ አምስት ነፍስ ነበር። ከፊቱ የቆመው ጎረቤቱ ባየ ሰባት ብሎ አስመዘገበ፤ ሰባቱም የእውነት ነበሩ፤ ባየ ቤት ልጅ አይሞትም።

"ታፈሰ፣ ስንት ነፍስ?" አለ ሊቀመንበሩ እንድርያስ።

"ስድስት፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"አምስት አልነበራችሁም እንዴ?"

"ከትናንት ወዲያ ወንድ ልጅ ተወለደ።"

"ስሙ ማነው?"

ታፈሰ ስም አላሰበም ነበር። ግን የሚስቱ ስም ሣራ ስለሆነ ቀጣዩ ስም ራሱ መጣለት። "ይስሐቅ" አለ።

እንድርያስ ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ትእዛዝ ከመታሸጉ በፊት መዝሙር መሪ ነበር። ጓድ ከሆነ ወዲህ ከንፈሩን እንደ በሩ አሽጎ ነበር የሚኖረው። ይህን ሲሰማ ግን አመለጠው፤ ፈገግ አለ። "በስተርጅናችሁ?" ብሎ ጠየቀና መልስ ሳይጠብቅ ጻፈ። ስድስት ነፍስ። የወንዙ ዳር ቡና።

ቤት ገብቶ ለሣራ ሲነግራት፣ "ማን ወለደው?" አለችው።

"እኔ።"

"ምጡ እንዴት ነበር?"

"ምጡስ ቀላል ነው፤ ወገቤን የቆረጠኝ ሰልፉ ነው።"

ያን ቀን ሣራም ስቃለች፤ መካድ አይቻልም። ስቃ ስቃ ዓይኗን ከጠረገች በኋላ ግን፣ "ከጓሮው እንሰት ሥር ያሉት ሦስቱ ቢቆጠሩልኝ ስምንት ነበርን" አለች። ስድስት ጊዜ አምጣ ሦስቱን ነበር የቀበረችው።

እንግዲህ ይስሐቅ አደገ። የወንዙ ዳር ቡና ስሙ "የይስሐቅ ድርሻ" ሆነ፤ በመጀመሪያው ለቀማ ሦስቱ ሴቶች ልጆች ከእናታቸው ጋር ቅርጫት አንግተው ገብተው ቀኑን ሙሉ ለቅመው አልጨረሱትም። ሰው መንገድ ላይ ታፈሰን ሲያገኘው፣ "ይስሐቅ ደኅና ነው?" ይለዋል። "ጥርስ አበቀለ" ይላል ታፈሰ፤ "ሁለቱን ከላይ፣ ሁለቱን ከታች፣ አንዱን ለመጠባበቂያ።" ልጁ መታየት ያለበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ሸኮ አጎቱ ዘንድ ተላከ። እዚያም የሠራው ሥራ መጽሐፍ አይበቃውም። በሦስት ዓመቱ ከጉሬዛ ጋር ተነጋገረ፤ የአጎቱ ላም በእሱ ፉጨት ካልሆነ አልታለብም አለች። ባየ ሳይቀር፣ "ትናንት ልጅህ ለጥየቃ መጥቶ ነበር መሰለኝ፤ ሲያስለው ሰማሁ፤ ኮረሪማ አፍልተህ አጠጣው" ይለው ነበር። ቀበሌው በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አልተናገረም። ሬዲዮ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ልጅ ማን አሳልፎ ይሰጣል?

ችግሩ ታፈሰ ራሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሚዛን ገበያ የወንድ ልጅ ካኪ ቁምጣ ገዝቶ መጣ። "ለቀልድ ነው" አለ። ግድግዳው ላይ ሰቀለው። አንድ ቀን ሣራ ከወንዝ ስትመለስ ቁምጣውን አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በጉልበቱ ላይ ሲያጥፈው አገኘችው።

በ1975 ሣራ ሰባተኛዋን ወለደች። ሴት ነበረች፤ ሦስት ቀን ኖረች። ልጅቷን ሲቀብሩ የሣራ ደም አልቆመም። ስታዋልድ የኖረችው ጎረቤታቸው ዓለምሸት የምታውቀውን ሁሉ ሞክራ ሲያቅታት፣ በቃሬዛ አማን መውጫ ላይ ወዳለው ትንሽ ክሊኒክ ወሰዷት። እዚያ ያለው ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ ወልደአማኑኤል ይባላል። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ አይደለሁም ማለት ሰልችቶታል። ደሟን አቁሞ፣ ስትጠነክር ታፈሰ በር ላይ ቆሞ እየሰማ እንዲህ አላት፦

"ሣራ፣ እህቴ፣ ከእንግዲህ ከደገምሽ እኔ አላተርፍሽም። ማህፀንሽ ደክሟል። በየቀኑ አንድ አንድ የሚዋጥ ክኒን አለ። ግን ባል ሳይፈቅድ አልሰጥም፤ ደንቡ ነው። ይሄን ወረቀት አስፈርመሽ አምጪ።"

እዚህ ላይ ስለ ታፈሰ ፊርማ መናገር ግድ ነው። ታፈሰ አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ግን ፊደል ቆጣሪውን ሁሉ ያስናቀ ፊርማ አወጣ። "ታ" ብሎ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለቴ ይጠመጠማል፣ ከዚያ እንደ ጉሬዛ ጭራ ረዥም መስመር ወደ ታች ይለቃል፤ ወረቀቱ ካላለቀ አይቆምም። ሰው በጣቱ አሻራ ሲፈርም እሱ ጭራውን ይለቃል። የላም ሽያጭ ምስክር እሱ፣ የጋብቻ ውል እማኝ እሱ፣ ለወረዳ የሚላክ አቤቱታ ሁሉ ግርጌ እሱ። ያን ጭራ የማያውቅ ከሚዛን እስከ ሸኮ አልነበረም።

ሣራ ወረቀቱን ስትዘረጋለት፣ "ነገ" አላት። "ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር እጅ መታጠብ ያስፈልጋል።"

በነጋታው ብዕሩ ቀለም ጨረሰ። ቀለም ሲገኝ ዓርብ ሆነ፤ ዓርብ የተፈረመ አይበረክትም አለ። ከዚያ ዝናብ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል አለ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። ሣራ ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ለቀማው ሲደርስ፣ የይስሐቅ ድርሻ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ ግንድ ላይ ሲለቅሙ፣ ቅርንጫፉን ወደ ራሷ እንደሳበች ጠየቀችው።

"ለምንድነው የማትፈርመው?"

"እፈርማለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ይስሐቅን እየጠበቅክ ነው።"

ታፈሰ ያልበሰለ ፍሬ ለቀመ። "ነፍስ ቆጠራ ሊመጣ ነው ይላሉ" አለ። "ሰው ሁሉ በአካል ይታያል ይላሉ። ይሄ ቡና ቢወሰድ ልጆቹን በምን ታለብሻቸዋለሽ? ደግሞ ሦስት ወልዶ ሦስት ያሳደገ ማን አለ? እናቴ ዘጠኝ ወልዳ እኔና እህቴ ነን የቀረነው። ሦስት ልጅ ማለት አንድ ኩፍኝ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ። የወለድኩትም የቀበርኩትም እኔ ነኝ።" ቅርንጫፉን ለቀቀችው። "አስቤበታለሁ። ይስሐቅን እንቅበረው።"

"ምን አልሽ?"

"የሞተ ልጅ ድርሻ አይነጠቅም። አምና የወርቅአፈራሁ ልጅ ሲሞት ድርሻው ለእናቱ ቀረ አይደል? የሚነጠቀው የውሸት ልጅ ነው። ሸኮ አጎቱ ቤት ወባ ገደለው በል። እዚያው ተቀበረ በል። እድሩ ድንኳን ይተክልልናል፤ እኔ አለቅሳለሁ። የማለቅስበት አላጣም። ከዚያ ማንም ልጅህን አምጣ አይልህም፤ አንተም ትፈርምልኛለህ።"

ታፈሰ በዕድሜው ከሰማቸው ውሸቶች ሁሉ የበለጠው ይሄ ነበር። ቀዳዳ የለውም። የቀና ይመስል መልቀሙን ተወ።

"ሟርት ነው" አለ በመጨረሻ። "በልጅ ሞት አይቀለድም።"

"በልጅ መወለድ ተቀልዶ የለም?"

"ሣራ፣ ይሄን ልጅ…" አለና አልጨረሰውም።

"ልጁ የለም፣ ታፈሰ። እኔ ነኝ ያለሁት።"

ሦስት ጊዜ ሊገድለው ሄዷል። እውነቱን ለመናገር ሦስት ጊዜ። መንገዱን ሙሉ ፊቱን አኮሳትሮ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄ አረፈ" የሚለውን ቃል እያላመጠ ጽሕፈት ቤቱ ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን እንድርያስ ከወረቀቱ ቀና ብሎ፣ "እንዴት ነው ይስሐቅ?" አለው።

"ዋና ለመደ" አለ ታፈሰ። "ወንዙ ነው የሚፈራው።"

ተሳቀ። ታፈሰም ስቆ ወጣ። ቤት ሲደርስ ሣራ ፊቱን አይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ወረቀቱን አላነሳችበትም። ታፈሰ ረሳችው ብሎ ደስ አለው።

መኝታዋን ከልጆቹ ጋር አደረገች። አራት ወር እንዲህ ሆነ። ዓለምሸት ሳትቀር፣ "ልጄ፣ ወንድ በር ላይ የሚያሳድሩት ፍየል አይደለም፤ ሌላ ቤት ይለምዳል" አለቻት። ሣራ በዚህ አልተመለሰችም። የመለሳት ሳቅ ነው። ታፈሰ ስለ አንድ ጅብ ማውራት ጀመረ። ጅቡ የገበሬ ማኅበር አባል ለመሆን ማመልከቻ ያስገባ፣ የመደብ ጀርባው ተጣርቶ አህያ በልተሃል ተብሎ የተባረረ ጅብ ነው። ሣራ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንደ ልጅነቷ ሳቀች። ለአራት ወር ያልሰማውን ሳቅ ሰማ። በእሷ ላይ ከታፈሰ ጉልበት ይልቅ የታፈሰ ምላስ ያይል ነበር።

በሚያዝያ ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረችው። እንደ ሌላ ጊዜ አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። ለሦስት ቀን ግን ምግብ ስታቀርብለት ዓይኑን አታየውም ነበር።

በነሐሴ ጥሪው መጣ፦ ጥቅምት ላይ ነፍስ ሁሉ በአካል ይቅረብ። ባየ እየሳቀ መጥቶ፣ "እንግዲህ ይስሐቅን ከሸኮ አስመጣው፤ ጢም ሳያበቅል" አለው።

ታፈሰ አልደነገጠም። ዘዴውን ለሣራ አስረዳት። "ወንድ ከሆነ ስሙ ይስሐቅ ነው፤ መዝገቡ ላይ ስሙ አለ፣ ነፍሱም አለ። ዕድሜው አራት ይላል ካሉኝ የጸሐፊ ስህተት ነው። ጸሐፊ ስንቱን አይሳሳትም?"

"ሴት ብትሆንስ?"

"አትሆንም።"

"እኔ ባልተርፍስ?"

ታፈሰ አፉን ከፈተ። አንድ ወሬ ሊጀምር ነበር፤ ስለ አንዲት ሴት፣ ሞት ሊወስዳት መጥቶ ቡና ስታስለቅመው ስለዋለች። ሣራ መዳፏን አፉ ላይ አደረገች።

"አሁን አይደለም" አለችው።

መስከረም መጨረሻ ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ድምፁ እንደ ጫጩት። ዓለምሸት ልጁን ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ ታፈሰ ፊቷን አይቶ ስለ ልጁ ሳይጠይቅ ወደ ውስጥ ገባ። ደሙ ከመደቡ ወርዶ መሬቱን ይዞ ነበር።

ስምንት ሰው ቃሬዛውን ተሸከመ፤ ባየ ከፊት ነበር። ዓለምሸት ልጁን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተከተለች። ዝናቡ አላቆመም። የአማን መንገድ ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ አሳረፏት። የይስሐቅ ድርሻ እዚያው አጠገብ ነው፤ ከቡናው ጥላ ሥር አስተኟት። ቡናው ገና መቅላት ጀምሮ ነበር።

ሣራ ዓይኗን ገለጠች።

"ታፈሰ" አለች። "እስቲ አውራልኝ።"

ታፈሰ ተንበረከከ። እጇን ያዘ። ንቡን ፈለገ፣ ጅቡን ፈለገ፣ ሞት ቡና ሲለቅም የዋለበትን ፈለገ። አንድም አልመጣም። ዕድሜ ልኩን ሲፈስ የኖረ አፍ ደረቀ። ሰዎቹ ፊታቸውን አዙረው ውሃውን ያያሉ።

"አንድ ጊዜ…" አለ። "አንድ ጊዜ…"

ጠበቀችው። እየጠበቀችው ሞተች።

ልጁ እስከ ቀትር ኖረ። ዓለምሸት ደረቷ ውስጥ አድርጋ ስታሞቀው ነው ያለፈው። ከእናቱ ጋር በአንድ ጉድጓድ፣ በክንዷ ላይ አድርገው ቀበሯቸው። ታፈሰ ካኪውን ቁምጣ አምጥቶ አብሮ አስገባው፤ ልጁን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ተረፈ።

ነፍስ የሚታይበት ቀን የመጣው የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ በሳምንቱ ነው። ሰው ልጆቹን አስከትሎ ተሰልፏል። ታፈሰ ሦስቱን ሴቶች ልጆች ይዞ ተራውን ጠበቀ።

"ስንት ነፍስ?" አለ እንድርያስ ዝግ ብሎ።

"አራት።"

"እዚህ ስድስት ነው የሚለው።"

"ሣራን ሰርዛት። ይስሐቅም ሞቷል።"

ከሰልፉ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ትንፋሹን ዋጠ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ያ ስም ሲጠራ መሳቅ የለመደ አፍ ነው። እንድርያስ ራሱ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ስንት ዓመቱ ነበር?" አለ፤ ጣቱን መዝገቡ ላይ አራት የሚለው ቁጥር ላይ አሳርፎ፤ ታፈሰ እንዲያየው ብሎ።

"ግማሽ ቀን።"

"ታፈሰ፣ ወንድሜ" አለ እንድርያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ጓድ ማለቱን ትቶ። "አራት ዓመት ብዬ ልጻፍ። የሞተ ልጅ ነው። ማንም አይነካብህም።"

"ግማሽ ቀን በል።"

"ድርሻው ይሄድብሃል።"

"ይሂድ።"

ከኋላ የቆመው ባየ መሬት መሬት አየ። ድርሻው ቢነጠቅ የሚደርሰው ነፍሱ ለበዛው ለእሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ድሬሰሩ ወልደአማኑኤል ለለቅሶ መጣ። ብዙ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ፣

"አቶ ታፈሰ፣ አንድ ነገር ሆዴን በልቶኛል" አለ። "ባለፈው ዓመት ያን ወረቀት አምጥታልኝ ነበር። ተፈርሞ። ፊርማውን አየሁትና ያንተ እንዳልሆነ አወቅኩ። ጭራው አጭር ነበር። ያንተን ጭራ የማያውቅ የለም። ባልሽን ራሱን አምጪው ብዬ መለስኳት። ዝም ብዬ ብሰጣት ኖሮ…"

ታፈሰ እስከ አጥሩ ሸኘው።

ሰውየው ከሄደ በኋላ የሣራን የመሠረተ ትምህርት ደብተር ከሳጥኗ አወጣ። ከፊት ሀ ሁ አለ፣ የልጆቿ ስም አለ፤ የሞቱትም ጭምር። ከኋላ ሲገልጠው የራሱን ፊርማ አየ። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። የመጀመሪያዎቹ የተንቀጠቀጡ፣ "ታ"ዋ የተወላገደች። እየወረደ ሲሄድ ጥምጥሙ እየተስተካከለ፣ ጭራው በየመስመሩ ጥቂት ጥቂት እየረዘመ። መጨረሻው ላይ ያለው ልክ ነበር። ታፈሰ ራሱ እንደዚያ አሳምሮ አልፈረመም። ያን የቻለችው ግን ወረቀቱ ከተመለሰባት በኋላ መሆን አለበት። መፍረሚያው ወረቀት እዚያው ገጽ መሃል ታጥፎ ነበር፤ ጭራው አጭር የሆነው።

ትልቋ ልጁ ንጋቷ ከኋላው መጥታ በትከሻው ላይ አየች።

"አባዬ፣ ያንተ ፊርማ ነው?"

"አይደለም" አለ ታፈሰ። "የእናትሽ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ለምስክርነትም ሆነ ለአቤቱታ ሲጠሩት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ነው የሚፈርመው። ምነው ሲሉት መጻፍ ረሳሁ ይላል። አንድም ያመነው የለም፤ ግን በዚህኛው ውሸቱ ማንም አልሳቀም።